የላኪን ማንነት ምን ያህል እናጥብቅ? ከጎንደር የከፈትኩት ክርና የተሰጡት መልሶች

ክሩ፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረካችን ላይ የከፈትኩት ውይይት፣ ረዝሟል፤ ከመካከል የሚገባ ሰው ነገሩ ከየት እንደተነሣ ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ የጠየቅሁትንና እስከ ዛሬ የተመለሰልኝን በቁጥሩ እየጠራሁ በራሴ አገላለጽ እተርካለሁ። የእኔ አስተያየት ሲሆን የእኔ መሆኑን እናገራለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ፒያሳ አቅራቢያ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የኮምፒውተሮቹና የኢሜይል ሰርቨሩ ኃላፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ክፍሎች አሉን። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የዓመት እንጀራችን ነው፤ ገናንና ጥምቀትን ብሎ የሚመጣው እንግዳ ክፍል የሚይዘው ደግሞ በአብዛኛው በኢሜይል ነው።

ጥቅምት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛችን ኢሜይል ደረሳት። የላኪው ስም የማረፊያው ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው እናታችን ናቸው፤ አድራሻውም የእሳቸው፣ ዶሜይኑም የእኛው ነው። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ግዢ ቀብድ 186,000 ብር ዛሬውኑ ወደ አንድ አዲስ የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንዲገባ ያዛል። ልጅቱ ቼኩን አዘጋጅታ፣ የታተመውን ኢሜይል ከላዩ አያይዛ፣ ለማስፈረም ወደ እትዬ ገባች። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን እስከ ታች አነበቡትና እኔ ይህን አልጻፍኩም አሉ። ገንዘቡ አልወጣም። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ላኪው ሰርቨር በዶሜይኑ ባለቤት የተፈቀደለት መሆኑን በሚያየው በኤስፒኤፍ ምርመራ ያላለፈ ማንኛውም መልእክት በር ላይ እንዲመለስ አድርጌ ማጣሪያውን እስከ መጨረሻው አጠበቅሁት።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሌላኛው ጉዳት መጣ። በውጭ ሀገር ያለ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለጥምቀት እኛ ዘንድ ያረፈ ትንሽ ማኅበር ዘንድሮም 14 ሰው ይዞ እንደሚመጣ ጻፈ። ሰርቨሬ መለሰው። ደግመው ጻፉ፤ ደግሞ መለሰው። አራት ጊዜ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ እትዬን በስልክ አግኝታ ማረፊያው ተዘግቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እትዬ ስልኩን ዘግተው ምንም ሳይናገሩ አዩኝ፤ ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስናጠብቀው እውነተኛው ሰው ይመለሳል፤ ስናላላው ሌባ ይገባል። እናንተ የትኛው ላይ ቆማችኋል? ብዬ ጠየቅሁ።

መልሶቹ

1ኛው መልስ አዘዞ የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ከሚጠብቅ ሰው ነው። እህቴ ብሎ ጀመረና፣ ጥፋቱ ከእኔ ሳይሆን ከኢሜይል አፈጣጠር እንደሚነሣ አስረዳ። መልእክት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚያልፍበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የላኪን ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። በፖስታ ጀርባ የፈለጉትን ስም መጻፍ እንደሚቻል ሁሉ፣ ማንኛውም ሰርቨር የፈለገውን ላኪ መጥራት ይችል ነበር። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ምርመራዎች ሁሉ ሰው ገብቶበት በሚኖር ቤት ላይ ቆይተው የተገጠሙ በሮች ናቸው አለ። የራስን ስም ከአስመሳይ መጠበቅና የሌላውን ሰው ደብዳቤ መዳኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ እንዳልቀላቅላቸውም መከረኝ። ምክሩን በዚያን ጊዜ በቅጡ አልሰማሁትም፤ ዋጋው የገባኝ በኋላ ነው።

2ኛው መልስ ማራኪ አካባቢ ኮምፒውተር የሚያስተምር መምህር የሰጠው ነው፤ ለጀማሪ አንባቢ ሲል ሦስቱን መሣሪያዎች ዘረዘረ። ኤስፒኤፍ የዶሜይኑ ባለቤት በዲኤንኤስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የስሞች ማውጫ፣ ላይ የሚያወጣው የፈቃድ ዝርዝር ነው፤ በስሜ ደብዳቤ እንዲያደርሱ የፈቀድኩላቸው ሰርቨሮች እነዚህ ብቻ ናቸው ይላል። ዲኪም በራሱ በመልእክቱ ላይ የሚያርፍ ማኅተም ነው፤ ጽሑፉ በመንገድ ከተነካካ ማኅተሙ ይፈርሳል። ዲማርክ ደግሞ በእነዚህ የተረጋገጠው ዶሜይን አንባቢው ከሚያየው የላኪ አድራሻ ጋር መግጠሙን ይመለከታል፤ ካልገጠመ ተቀባዩ ዝም ብሎ እንዲያሳልፈው፣ ለብቻ እንዲያስቀምጠው ወይም እንዲመልሰው የዶሜይኑ ባለቤት አስቀድሞ ያስታውቃል። መምህሩ ሁሉንም በሚገባ ካስረዳ በኋላ ግን ለዲማርክ ሁለቱም ምርመራዎች ማለፍ አለባቸው ብሎ ደመደመ።

3ኛው መልስ ይህን አላለፈውም። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ፣ አንዱ ካለፈና ስሙ ከገጠመ እንደሚበቃ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ከመምህር እንደማይጠበቅ ጻፈ። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም እርማቱ ልክ ነው፤ ከዚህም በላይ ትልቅ ነገር ይዟል። ሁለቱ ምርመራዎች የሚወድቁበት ምክንያት የተለያየ ስለሆነ፣ አንዱ መብቃቱ ነው ብዙውን እውነተኛ ደብዳቤ ከመመለስ የሚያድነው። መምህሩ በ4ኛው መልስ ስሕተቱን ተቀብሎ አመሰገነ። እንዲህ ያለ ሰው በመድረካችን መኖሩ ደስ ይለኛል።

5ኛው መልስ ቁስቋም አካባቢ የምትኖር የጤና ባለሙያ የነገረችን ታሪክ ነው። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ስትለቅ ወደ አሮጌው አድራሻዋ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ወደ ግል አድራሻዋ እንዲተላለፍ አስደርጋ ነበር። ለሥልጠና የተላከላት ጥሪ ግን አልደረሳትም። ደብዳቤውን ወደ እሷ ያመጣው ሰርቨር አስተላላፊው ነው፤ አስተላላፊው ደግሞ በመጀመሪያው ላኪ የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ኤስፒኤፍ ወደቀ። ማኅተሙ ሊያድነው ይችል ነበር። ይሁንና የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር በሚያስተላልፈው መልእክት ሁሉ ግርጌ ላይ ይህ መልእክት ምስጢራዊ ነው የምትል አንዲት መስመር ይጨምራል፤ በዚያች መስመር ምክንያት ማኅተሙም ፈረሰ። ሥልጠናው አልፎ ሁለት ወር ከቆየ በኋላ ነው የሰማችው። ላኪው ምንም አላጠፋም፤ እሷም ምንም አላጠፋችም።

6ኛው መልስ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው የባንክ ሥርዓት ላይ እንደሚሠራ ነግሮናል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሰው ነው። የፈቃድ ዝርዝሩን ያላስተካከለ ላኪ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የእኛ ሥራ የሰው ቤት ማስተካከል አይደለም፤ መመለስ ነው አለ። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሦስቱንም ያላሟላ ላኪ እንደማይቀበሉ ካስታወቁ፣ ጎንደር ያለ አንድ ማረፊያ ከእነሱ የበለጠ ቸር የሚሆነው በምን አቅሙ ነው ሲልም ጠየቀ። ስለ 14ቱ እንግዶች አንድ ቃል አልተነፈሰም።

7ኛው መልስ ለዚህ ነው። ሦስቱንም የማሟላት ግዴታ የተጣለው በቀን ወደ 5,000 የሚጠጋ ወይም ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል አድራሻዎች በሚልክ ላይ ነው፤ ለሌላው ላኪ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም አንዱ ይበቃል። ይህን ሳይለዩ ደንቡን ጎንደር ላለች ማረፊያ መጥቀስ አንባቢን ማሳሳት ነው አለ። ወደ እኔም ዞሮ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ከጥቅምቱ ድንጋጤ በኋላ ልጡንም እባቡንም ሳልለይ ጥዬ እንደሮጥኩ ነገረኝ። ቃሉ ከበደኝ፤ ሐሰት ግን አልነበረም።

በ8ኛው መልስ እኔው ተመለስኩና ከሰርቨሩ መዝገብ አራቱን መስመሮች፣ አድራሻዎቹን ሸፍኜ፣ አወጣኋቸው። የመጀመሪያው 06:14 ይላል። 9ኛውና 10ኛው መልሶች በዚች ሰዓት ላይ ተከራከሩ። አንዱ ጸሐፊዋ ጠዋት ጻፍኩ ካለች መዝገቡ ስድስት ሰዓት ማለቱ የሰርቨሩ ሰዓት የተዛባ መሆኑን ያሳያል አለ። ሌላው በትዕግሥት አስረዳው፤ መዝገቡ የተያዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ ሦስት ይቀድማል፤ ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር 9:14፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ከ14 ይሆናል። ከጥያቄው የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የጠፋ ደብዳቤ በመዝገብ ውስጥ የፈለገ ሰው በዚህ ሦስት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ያውቃል።

11ኛው መልስ ክሩን አዞረው። የጻፈችው አራዳ አካባቢ በግሏ ሰርቨር የምታስተካክል ባለሙያ ናት። ሁላችንም ስለ ሰዓቱ ስንከራከር እሷ ከሰዓቱ ቀጥሎ ያለውን ቃል አነበበች። እኔ በመክፈቻዬ የማኅበሩ ሰርቨር ከዝርዝሩ ውጪ ስለሆነ ተመለሰ ብዬ ነበር። መዝገቡ ግን እንዲህ አይልም፤ ዘላቂ ስሕተት ይላል። በውስጥ መልእክት የማኅበሩን ዶሜይን ጠይቃኝ የፈቃድ ዝርዝሩን ቆጠረችው። አርኤፍሲ በሚባሉት የኢንተርኔት ደንብ ሰነዶች ውስጥ የኤስፒኤፍ የሆነው አርኤፍሲ 7208 አንድን ዝርዝር ለመፍታት የሚደረገው የዲኤንኤስ ጥያቄ ከ10 እንዳይበልጥ ይገድባል። የማኅበሩ ዝርዝር 12 ይጠይቃል። የኢሜይል አከራይ ሲቀይሩ የአሮጌውን ፈቃድ ሳያነሡ አዲሱን ጨምረውበት፣ የጋዜጣ መላኪያና የስጦታ መሰብሰቢያ አገልግሎቶችም ተደርበውበት ነው። የላከው ሰርቨር ከተፈቀደላቸው አንዱ ነበር። ዝርዝሩ ስለረዘመ ብቻ መርማሪው እስከ እሱ ሳይደርስ ቆመ፤ የእኔ ማጣሪያ ደግሞ ይህን ከውሸት ላኪ እኩል ቆጠረው።

በዚህ አላበቃችም። ከጸሐፊዋ አሁን የመጣ አንድ መልእክት ይዤ የዲኪሙን ማኅተም እንዳይ ነገረችኝ። አየሁት፤ ማኅተሙ ትክክል፣ ስሙም የገጠመ ነው። ይህ ማለት በዲማርክ ብንመዝነው ያልፍ ነበር። ታዲያ ለምን ተመለሰ? ማጣሪያዬ የሚፈርደው ላኪው ስሙን በጠራበት ቅጽበት፣ መልእክቱ ገና ሳይገባ ነው። ማኅተሙ ያለው መልእክቱ ውስጥ ነው። ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት በሩን እየዘጋሁ ማኅተሙን ከየት አየዋለሁ? እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የዲማርክ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 7489፣ ይህንኑ እንደሚያስጠነቅቅ ጠቆመችኝ፤ ኤስፒኤፍ ቀድሞ ከፈረደ ዲማርክ ቃሉን ሳይሰጥ መልእክቱ ይመለሳል።

በ12ኛው መልስ አዘዞ ያለው ወንድማችን ተመልሶ መጣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የጥቅምቱ የሐሰት ኢሜይል በፖስታው ጀርባ የማን ስም ነበረው? ሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጥነውን መልእክት ከፍቼ ራስጌውን አነበብኩ። እትዬ ያዩት፣ ልጅቱም ያየችው ስም የእኛ ዶሜይን ነው። ኤስፒኤፍ የሚመረምረው ግን እሱን አይደለም፤ በፖስታው ጀርባ ያለውን፣ ተራ አንባቢ የማያየውን የላኪ አድራሻ ነው። እዚያ ላይ ፈጽሞ የማናውቀው ሌላ ዶሜይን ተጽፏል፤ የዚያ ዶሜይን የፈቃድ ዝርዝር የተስተካከለ ነው፤ ሌባው በኤስፒኤፍ በኩል በንጹሕ አልፏል። ያን ሌሊት ያጠበቅሁት በር ሌባው የገባበት በር አልነበረም። በ13ኛው መልስ ያገኘሁትን እንዳለ ጻፍኩት። በአንድ ወር ከግማሽ ውስጥ እንግዶቼን ስመልስ የሒሳብ ሠራተኛዋን ከምንም አልጠበቅኋትም።

14ኛው መልስ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር የጻፉት ነው፤ ሁላችንም አንቱ እንላቸዋለን። ስለ ሰርቨር አልተናገሩም። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩትን ደብዳቤ አነሡ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ ግን ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሡ ጠበቁ፤ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ፤ መጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1868 የመቅደላ ሆነ። ደብዳቤ ላኪ ደብዳቤው የት እንደደረሰ ካላወቀ ነገሩን በራሱ ልክ ይተረጉመዋል አሉ።

በ15ኛው መልስ የባንኩ ሰው ታሪኩ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፤ ክሩን አታበላሹት ሲል ጻፈ። ሽማግሌን እንዲህ መናገሩ ብዙዎችን አስቆጣ፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። 16ኛው መልስ ግን በቁጣ ፈንታ ምክንያት አቀረበ፤ እኔ እንደምረዳው የክሩ ልብ እዚህ ነው። የአፄው ደብዳቤ በር ላይ አልተመለሰም፤ ቢመለስ ኖሮ መልእክተኛው ይዞት ይመጣ ነበር። ተቀብለው መደርደሪያ ላይ ጣሉት። በእኛ ሥራ ይህ ደብዳቤውን ወደ አይፈለጌ መልእክት ሳጥን ከመክተት ወይም ተቀብሎ ከማጥፋት ጋር አንድ ነው። ላኪው ደርሷል ብሎ ያምናል፤ ተቀባዩ አላየውም። በር ላይ በ550፣ ማለትም አልቀበልም በሚለው የሰርቨር መልስ ቁጥር፣ የተመለሰ ደብዳቤ ግን ለላኪው ወሬውን ይዞ ይመለሳል። ጸሐፊዋ ስልክ ያነሣችው ስለተመለሰባት ነው፤ ሰርቨሬ አራቱን መልእክቶች ዝም ብሎ ውጧቸው ቢሆን ኖሮ ባለጌዎች ብላን ሌላ ማረፊያ ትይዝ ነበር።

ይህን ሳነብ ጥያቄዬን ራሱን የተሳሳተ አድርጌ እንዳቀረብኩ ገባኝ። ክፉው ነገር መመለስ አይደለም፤ ሳይነግሩ ማስቀረት ነው። መመለስ ካለብኝ ደግሞ ሙሉውን አንብቤ፣ ምክንያቱን ሰው በሚገባው ቋንቋ ጽፌ፣ ሌላ መግቢያ አሳይቼ መሆን አለበት። ጸሐፊዋ የደረሳት የመመለሻ መስመር ሦስት ቃልና ቁጥር ብቻ ነበረ። 17ኛው መልስ የመመለሻውን ጽሑፍ በአማርኛም እንድጽፈው ሐሳብ አቀረበ፤ 18ኛው ደግሞ የኤስኤምቲፒ መልስ መስመር በመሠረቱ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለሆነ ፊደላችን በመንገድ ተበላሽቶ ሊደርስ እንደሚችል አሳሰበ። እኔም በእንግሊዝኛ አጭር ምክንያትና የእንግዳ መቀበያውን ስልክ ቁጥር አስገባሁበት።

19ኛው መልስ ግሬይሊስቲንግን፣ ማለትም የማያውቀውን ላኪ ሁሉ ቆይተህ ተመለስ የሚል ማጣሪያን፣ ከሚጠቀም ሰው ነው። እውነተኛ ሰርቨር ተመልሶ ይመጣል፤ አይፈለጌ የሚበትን ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ትልልቆቹ አገልግሎቶች ግን ሁለተኛ ሲሞክሩ ከሌላ አይፒ አድራሻ (ከሌላ የሰርቨር ቁጥር) ስለሚመጡ ማጣሪያው እንደገና አዲስ ላኪ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ በዚህ ምክንያት ለአሥር ደቂቃ ብቻ የሚያገለግል የማረጋገጫ ቁጥር ለዚህ ሰው ከአራት ሰዓት በኋላ ደረሰው። መሐል ላይ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ሦስት መልሶች ስለ መብራት መጥፋትና ስለ ባትሪ ዋጋ ብቻ ተጻፉ፤ አልፋቸዋለሁ።

በ23ኛው መልስ የባንኩ ሰው ተመለሰ፤ ይህ የክሩ በጣም ስለታም መልስ ነው። እኔ የእንግዳ ገንዘብ ስላሳሳኝ በሩን ልከፍት ፈልጌ ምክንያት እየሰበሰብኩ እንደሆነ፣ ነገ ልጅቱ ቼኩን ስታወጣ ተጠያቂዋ እኔ እንደምሆን ጻፈ። ወዲያው ልመልስለት ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። በ24ኛው መልስ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ በራሴ ዶሜይን ስም ከውጭ ለሚመጣ መልእክት ከእሱ የበለጠ ጥብቅ ልሆን ነው፤ ለሌላው ሰው ደብዳቤ ግን ከመፍረዴ በፊት አነባለሁ።

25ኛው መልስ የአራዳዋ ባለሙያ ናት፤ አሁንም ያተረፈችኝ እሷ ናት። ዲማርክን በአንድ ሌሊት መልስ ወደሚለው ደረጃ እንዳላወጣው አስጠነቀቀችኝ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ያሁ በራሱ ዶሜይን ላይ ይህን ሲያውጅ፣ በያሁ አድራሻ ወደ የቡድን ኢሜይል ዝርዝሮች የሚጻፍ መልእክት በየቦታው መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ዝርዝሮቹ የርእሱን መስመርና ግርጌውን ስለሚነካኩ ማኅተሙ ይፈርሳል፤ ላኪው ሰርቨርም ሌላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምንም አታድርጉ በሚለው ደረጃ እንዳውጅና ተቀባዮች በየቀኑ የሚልኩትን ሪፖርት እንዳነብ፣ በስሜ የሚልክ ማን እንደሆነ ከዚያ እንደማውቅ ነገረችኝ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት አነበብኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ስካነር የፓስፖርት ቅጂ ወደ ውጭ የጉዞ ወኪሎች ሲልክ ያለ ማኅተም በስማችን ይልካል። የሒሳብ ፕሮግራሙ ለእንግዳ ደረሰኝ የሚልከው የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ሆኖ ነው፤ በዝርዝራችንም የለም። በዚያ ሌሊት መልስ ብዬ አውጄ ቢሆን ኖሮ የራሴን ደረሰኞች በዓለም ሁሉ አስመልስ ነበር። ሁለቱን አስተካክዬ ነው ደረጃውን ከፍ ያደረግሁት። ከውጭ በእኛ ስም የሚመጣና ማኅተማችን የሌለው መልእክት አሁን በራችን ላይ ይመለሳል።

26ኛው መልስ ደስታዬን ቀነሰው፤ ማመስገን ግን አለብኝ። ሌባው በሚቀጥለው ጊዜ የእኛን ዶሜይን አይነካም አለ። በነጻ አገልግሎት ላይ አዲስ አድራሻ ከፍቶ፣ የላኪ ስም በሚለው ቦታ የእትዬን ሙሉ ስም ይጽፋል። ኤስፒኤፍ ያልፋል፤ ዲኪም ያልፋል፤ ዲማርክ ያልፋል፤ ሁሉም እውነት ነው፤ አድራሻውም በትክክል የእሱ ነው። ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው የሚያየው ስሙን ብቻ ነው። ይህን የትኛውም ጥብቅ ማጣሪያ አይለየውም፤ የሚለየው የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚቀይር ትእዛዝ ሲመጣ ስልክ የሚያነሣ ወይም ደረጃውን ወጥቶ የሚጠይቅ ሰው ነው። የባንኩ ሰው በ27ኛው መልስ በዚህ ተስማማ፤ እነሱም ዘንድ የተፈጸሙት ሙከራዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ እንደሆኑ ጻፈ፤ ሽማግሌውንም ይቅርታ ጠየቀ። ከሒሳብ ሠራተኛችን ጋር ተነጋግረን ደንብ አውጥተናል፤ አዲስ የሒሳብ ቁጥር በእትዬ አንደበት ሳይረጋገጥ አይከፈልበትም።

28ኛው መልስ የራሱ የባንኩ ሰው ነው፤ በዚህኛው አከብረዋለሁ። ጥብቁ ደንብ በቆየበት ጊዜ በትክክል ስንት እውነተኛ ሰው እንደተመለሰ ቆጥሬ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። መዝገቡን አውጥቼ ሁለት ማታ ቆጠርኩ። የተመለሱት 340 ናቸው። መልእክቱ ሳይገባ ስለተመለሰ መዝገቡ አድራሻውን እንጂ የጻፉትን አልያዘም። አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ሳያቸው፣ ዘጠኙ የእውነተኛ ሰው መሰሉኝ። ለዘጠኙም ደብዳቤያችሁ በእኛ ስሕተት ተመልሷል፤ ምን ልትሉን ነበር? ብዬ ጻፍኩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ዝርዝሩን አስተካክላ ጥያቄው ከ12 ወደ 7 ወርዷል፤ ክፍሎቻቸውም ተይዘዋል። ከደባርቅ ስለ በቅሎ ኪራይ የሚጽፍልን አስጎብኚ አኩርፎ ኖሯል፤ ታርቀናል። እስከ ትናንት ስድስቱ መልሰው ነበር። ሰባተኛው ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ትምህርቷን በዓመቱ የጨረሰች ልጅ ናት፤ ኅዳር ላይ ላወጣነው የእንግዳ መቀበያ ሥራ ከኮሌጅ አድራሻዋ አመልክታ ነበር። ቦታው ተይዟል። ደብዳቤውን አትሜ ለእትዬ አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡትና በከተራ ዋዜማ ሰው ስለሚያስፈልገን ትምጣ አሉ። አሁን እየጻፍኩላት ነው።